አደይ አበባው ላይ የጻፍኩት ጽሑፍ ለምን ብልጭ ብሎ ይጠፋል?

ጥያቄ፦ «የሠርግና የበዓል ካርድ የማዘጋጅበት አነስተኛ ሱቅ አለኝ። ለእንቁጣጣሽ ደንበኞቼ የሚላላኩት ተንቀሳቃሽ ምስል ልሥራ ብዬ፣ በነፋስ የሚወዛወዝ የአደይ አበባ መስክ የሚያሳይ ጂፍ ጂምፕ በተባለው የምስል ማቀናበሪያ ፕሮግራም ከፈትኩ። 40 ፍሬም (ተከታታይ ሥዕል) አለው፤ መጠኑ 800 በ600 ፒክስል ነው። ሰማዩ ላይ ‹እንኳን አደረሳችሁ› ብዬ ጻፍኩ። ዙሪያውን ደግሞ የሚያብረቀርቁ ኮከቦችና ከሌላ ፎቶ ቆርጬ ያወጣሁትን የአበባ ጉንጉን ጨመርኩበት። ሳጫውተው ጽሑፉ አንድ ጊዜ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። በየፍሬሙ ልጽፍ ብዬ ብሞክር አብዛኛው ፍሬም ቁርጥራጭ ሆኖ አገኘሁት። ወርቃማ ቀለም ስመርጥ ቡናማ ሆኖ ይቀባል። የጉንጉኑ ጠርዝ ላይ ነጭ መስመር ወጣ። በስንት መከራ ሳስቀምጠው ደግሞ 3 ሜጋባይት የነበረው ፋይል 14 ሜጋባይት ሆነ። ፕሮግራሙን ልቀይር ወይስ ያጠፋሁት እኔ ነኝ?»

መልስ፦ ፕሮግራሙን አይቀይሩ፤ ወደ ፎቶሾፕ ቢሄዱም አብዛኞቹ ችግሮች ተከትለውዎት ይመጣሉ። እርስዎም አላጠፉም፤ ፋይሉን እንደሚታየው አድርገው አመኑት እንጂ። ጂፍ ሲያዩት ፊልም ይመስላል፣ ውስጡ ግን የሥዕል ቁልል ነው። ከነጭ መስመሩና ከቀለሙ በቀር ያስቸገሩዎት ሁሉ የሚመነጩት ከዚህ ነው።

መሶብ ላይ የተደረደረ እንጀራ ያስቡ። መጀመሪያ የተጋገረው ከታች ነው፣ የመጨረሻው ከላይ። የጂምፕ የሌየር (የተደራራቢ ንጣፎች) ሰሌዳም እንዲሁ ነው፦ የመጀመሪያው ፍሬም ከሁሉም በታች ተቀምጧል፣ 40ኛው ከላይ። ልዩነቱ በጂፍ ቁልል ውስጥ ሙሉ እንጀራ የሆነው ብዙ ጊዜ የታችኛው ብቻ መሆኑ ነው። ከዚያ በላይ ያሉት ቁራሾች ናቸው። ፋይሉ ሲሠራ ቦታ ለመቆጠብ ተብሎ፣ ካለፈው ፍሬም የተለወጠው ክፍል ብቻ ቀርቶ ያልተለወጠው ተቆርጦ ወጥቷል። ሲጫወት ቁራሹ በታችኛው ላይ ይነጠፋል፣ ዓይናችንም ሙሉ ሥዕል ያያል። ያገኙት «ቁርጥራጭ ፍሬም» እንግዲህ ይኸው ነው፤ አልተበላሸም፣ ድሮም እንዲሁ ነበር። በሌየሩ ስም መጨረሻ ላይ በቅንፍ «ኮምባይን» የሚል ካዩ «በታችኛው ላይ ንጠፈኝ» ማለቱ ነው፤ «ሪፕሌስ» የሚል ካዩ ደግሞ «የታችኛውን አንሥተህ እኔን ብቻ አሳይ» ማለቱ ነው። ከእነሱ ጎን ያለው ቁጥር ፍሬሙ የሚቆይበት ጊዜ በሚሊሰከንድ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ቆጣቢ የሆነው በተወለደበት ዘመን ምክንያት ነው። ጂፍን እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው ኮምፑሰርቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን ሥራውን የመራው ስቲቭ ዊልሃይት ነበር። ያን ጊዜ ሥዕል የሚላከው በስልክ መስመር፣ በሞደም ነው፤ እያንዳንዷ ባይት ታስቆጭ ነበር። ስለዚህ ለአንድ ሥዕል ከ256 ቀለም በላይ አልተፈቀደም። በ1989 የወጣው ሁለተኛው እትም ፍሬሞች የሚቆዩበትን ጊዜና አሳላፊ ቀለምን (ከሥሩ ያለውን የሚያሳየውን) ጨመረ። ማለቂያ የሌለው ድግግሞሽ ደግሞ ከዚያም በኋላ ኔትስኬፕ የተባለው የኢንተርኔት ማሰሻ ያመጣው ነው። (ዊልሃይት አጠራሩ «ጂፍ» እንጂ «ጊፍ» አይደለም ብሎ በ2013 በአደባባይ ተናግሯል፤ እኛ አገር ግን ሁለቱንም ይሉታል፣ እኔም አልከራከርም።) ለእርስዎ ሥራ ከዚህ ታሪክ የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው፦ ጂፍ የሚያስከፍለው ለሚለወጥ ነገር ነው። የቆመ ነገር በነጻ ይኖራል። ከዚህ በኋላ የምነግርዎትን ሁሉ በዚህ ሚዛን ይመዝኑት።

ጽሑፉ ብልጭ ብሎ የጠፋው በቀላል ምክንያት ነው። ጂፍ ሲሠራ፣ በጂምፕ እያንዳንዱ ሌየር አንድ ፍሬም ነው። ጽሑፍ ሲጽፉ ፕሮግራሙ በራሱ አዲስ ሌየር ይፈጥራል። ስለዚህ «እንኳን አደረሳችሁ» በ40ዎቹ ላይ የተጻፈ ጽሑፍ ሳይሆን 41ኛ ፍሬም ሆነ፤ ተራው ሲደርስ ታየ፣ ተራው ሲያልፍ ሄደ። ጽሑፉ በሁሉም ላይ እንዲኖር ከየፍሬሙ ጋር መዋሃድ አለበት። ይህን ከማድረግዎ በፊት ግን ቁልሉን መዘርጋት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው እርምጃ ቀለሙን ነጻ ማውጣት ነው። ጂፍ ሲከፍቱ ጂምፕ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቀምጠው «ኢንዴክስድ» በሚባለው ሁኔታ ነው። ይህ ማለት ፋይሉ ይዞት የመጣው የቀለም ዝርዝር ተዘግቷል፤ ከዝርዝሩ ውጭ ያለ ቀለም ሲመርጡ ፕሮግራሙ የሚቀርበውን ፈልጎ ይተካዋል። ወርቃማው ቡናማ የሆነብዎት ለዚህ ነው። «ኢሜጅ» ከሚለው ዝርዝር «ሞድ»፣ ከዚያ «አርጂቢ» የሚለውን፣ በቀለም ዝርዝር የማይገደበውን ሁኔታ፣ ይምረጡ። ቀጥለው «ፊልተርስ»፣ «አኒሜሽን»፣ «አንኦፕቲማይዝ» ይበሉ። ጂምፕ አዲስ ምስል ይከፍትልዎታል፤ በእሱ ውስጥ 40ውም ፍሬም ሙሉ እንጀራ ነው። ከዚህ በኋላ የሚሠሩት በአዲሱ ላይ ነው፤ አሮጌውን ዝጉት።

እዚህ ላይ ሳይቀጥሉ ሥራውን በጂምፕ በራሱ ቅርጽ፣ «ኤክስሲኤፍ» በሚለው ያስቀምጡ። ከዓመታት በፊት ለአንድ ደንበኛ የበዓል ካርድ ሠርቼ ጂፉን ብቻ አስቀርቼ የሥራውን ፋይል አጠፋሁት። በዓመቱ ሰውየው ደውሎ «ቁጥሩን ብቻ ቀይርልኝ» አለኝ። ቁጥሩን ብቻ ለመቀየር ሙሉውን ሥራ እንደ አዲስ ሠራሁት፤ «ለቁጥር ብቻ» ዋጋ መጠየቅ ደግሞ አሳፈረኝ። የዓመቱን ቁጥር ካርዱ ላይ የሚያስገቡ ከሆነ ሳይዋሃድ በፊት በሌላ ፋይል ለብቻው ያኑሩት።

ቀጥሎ መቀነስ ነው። ማስጌጥ ከመጀመርዎ በፊት መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ካጌጠ በኋላ ቢያሳንሱት ፊደሉ ይደበዝዛል። 800 በ600 ማለት በአንድ ፍሬም 480,000 ፒክስል ነው። በ40 ሲባዛ 19,200,000 ይሆናል። ጂፍ ለአንድ ፒክስል ከመታመቁ በፊት አንድ ባይት ይወስዳልና ወደ 19 ሜጋባይት ተጠጋን ማለት ነው፤ የእርስዎ 14 ሜጋባይት ከየት እንደመጣ አሁን ይታያል። ፍሬሞቹ በመጌጡ ምክንያት ከጫፍ እስከ ጫፍ ተለወጡ፣ ማመቂያው (ፋይሉን የሚያሳንሰው ስልት) የሚይዘው አጣ። አሁን ስፋቱን ወደ 400 በ300 ያውርዱት፤ «ስኬል ኢሜጅ» ሁሉንም ሌየር አንድ ላይ ያሳንሳል። ከዚያ ከየሁለቱ ፍሬም አንዱን ያጥፉ። የቀሩት 20 ፍሬሞች ናቸው፦ 120,000 በ20 ሲባዛ 2,400,000። ገና ምንም ብልሃት ሳንጠቀም ሸክሙ ስምንት እጥፍ ቀለለ። ግማሹን ፍሬም ስላጠፉ የቀሪዎቹን የቆይታ ጊዜ እጥፍ ማድረግ አለብዎት፤ ያለበለዚያ አበባው ነፋስ ሳይሆን አውሎ ነፋስ የመታው ይመስላል። 50 ሚሊሰከንድ የነበረ 100 ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ብልሃት እንምጣ፤ ብዙ ሰው የማይሠራው እሱ ነው። ሰማዩን ይመልከቱ። ለዓይን የቆመ ይመስላል። ምስሉ በካሜራ የተቀረጸ ከሆነ ግን ቆሞ አያውቅም፤ በየፍሬሙ የብርሃኑ ጥራጥሬ በጥቂቱ ይለዋወጣል። እርስዎ አያዩትም፣ ጂፍ ግን ያየዋል፤ ለእሱ ያ ሁሉ «የተለወጠ» ነው፣ ለእያንዳንዱም ያስከፍላል። ስለዚህ ሰማዩን ያስቁሙት። እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያውን ፍሬም በማባዛት አንድ ቅጂ ይውሰዱ። ከቅጂው ላይ ሰማዩን ብቻ አስቀርተው አበባው ያለበትን የታች ክፍል ይሰርዙ። ድንበሩ በድንገት እንዳይቆረጥ ምርጫውን በ10 ፒክስል ያህል ያለስልሱት። ድንበሩን የሚያስቀምጡበት ቦታ ወሳኝ ነው፤ በ20ዎቹም ፍሬሞች ውስጥ ከፍ ብሎ የሚደርሰው የአበባ ጫፍ የት እንደሆነ አይተው ከእሱ በላይ ይሁን። አንዱ አበባ ሲወዛወዝ ድንበሩን ከተሻገረ ራሱን በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል፤ ይህን ደግሞ ደንበኛዎ ከእርስዎ ቀድሞ ያየዋል።

በዚህ የቆመ ሰማይ ላይ ጽሑፍዎን ይጻፉ፣ ከሰማዩ ጋርም ያዋህዱት። አሁን በእጅዎ ያለው አንድ ገጽ ነው፦ ሰማይ ከነጽሑፉ፣ ታቹ ባዶ። ይህን ገጽ 20 ጊዜ አባዝተው ከእያንዳንዱ ፍሬም በላይ አንድ አንድ ያስቀምጡ፣ ከዚያ «መርጅ ዳውን» በሚለው ከሥሩ ካለው ፍሬም ጋር ያዋህዱ። አሰልቺ ነው፤ ሃያ ጊዜ መሳብ፣ ሃያ ጊዜ መጫን። አንድ ስኒ ቡና የሚያስጨርስ ሥራ ነው። ሲዋሃድ የፍሬሙ ስምና በቅንፍ ያለው ሚሊሰከንድ መቆየቱን ያረጋግጡ፤ ከጠፋ በእጅ ይጻፉት። ሲጨርሱ ጽሑፉ በሁሉም ላይ አለ። ሰማዩም በሁሉም ላይ በእያንዳንዱ ፒክስል አንድ ዓይነት ስለሆነ ከሁለተኛው ፍሬም ጀምሮ ጂፉ ስለ ሰማዩ ምንም መያዝ አያስፈልገውም። ከፊሉ የቆመ፣ ከፊሉ የሚንቀሳቀስ እንዲህ ያለ ፎቶ «ሲኔማግራፍ» የሚል ስም የወጣለት በ2011 ሲሆን ስሙን ያወጡት ጄሚ ቤክና ኬቪን በርግ የተባሉ በኒውዮርክ ይሠሩ የነበሩ ባለሙያዎች ናቸው። እነሱ ለውበት ሠሩት፤ እኛ ለኪሎባይትም እንጠቀምበታለን።

ጽሑፉን በተመለከተ ጥቂት ልቆይ፤ የአማርኛ ፊደል በትንሽ ምስል ላይ የራሱ ፈተና አለውና። በእኛ ፊደል ሰ፣ ሱ፣ ሲ የሚለያዩት በአንዲት ቅጥል ነው፤ ሱ ወገቧ ላይ፣ ሲ እግሯ ላይ። የፊደሉ ቁመት ከ20 ፒክስል በታች ሲሆን ያቺ ቅጥል አንድ ፒክስል ትሆንና ቀለም ሲቀነስ ትጠፋለች፤ ያን ጊዜ ሰው የሚያነበው በግምት ነው። 400 ፒክስል ስፋት ላለው ካርድ ከ36 ፒክስል በታች ባይወርዱ እመክራለሁ። ፎንቱም ወፍራምና ግልጽ ይሁን፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ደማቅ ሆኖ ሲጻፍ እንዲህ ላለው ሥራ ይሆናል። «አቢሲኒካ ሲል» የተባለው ፎንት ለመጽሐፍ ያማረ ነው፣ ቀጫጭን መስመሮቹ ግን በጂፍ ውስጥ ይሰባበራሉ። ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከታየዎት የመረጡት ፎንት የእኛን ፊደል አያውቅም ማለት ነው። ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችንን ከማካተቱ በፊት በተሠሩ አሮጌ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ከሌላ ፋይል ቀድተው ሲለጥፉ ደግሞ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይመጣል፤ እንደገና ከመጻፍ ሌላ ብዙም መፍትሔ የለውም። ዓመቱን በግዕዝ ቁጥር፣ ለምሳሌ ፳፻፲፱ ብለው ማስገባት ያምራል፤ ከላይና ከታች ያሉት መስመሮች ከቁጥሩ ጋር እንዳይጣበቁ ግን ከጽሑፉ ከፍ ያለ መጠን ይስጡት። ወርቃማ ፊደል በሰማያዊ ላይ ብቻውን አይቆምም፤ በጥቁር አረንጓዴ ሁለት ፒክስል ያህል ክፈፍ ይስጡት። አንድ ነገር ደግሞ አይቆጡኝ፦ «አደረሳቹ» አይደለም፣ «አደረሳችሁ» ነው። እርስዎ በትክክል ጽፈዋል። በየዓመቱ በስልኬ የሚደርሱኝ ብዙዎቹ ካርዶች ግን «ሁ»ን ጥለዋት ነው የሚመጡት።

ደንበኞችዎ ጽሑፉ ፊደል በፊደል እየተጻፈ እንዲመጣ መጠየቃቸው አይቀርም። በአማርኛ ይህ በጣም ያምራል፣ ምክንያቱም አንዱ ፊደል አንድ ድምፅ ነው፤ «እን-ቁ-ጣ-ጣሽ» እያለ የሚናገር ይመስላል። ስድስት ፊደል ነው፣ ስድስት ፍሬም ይበቃዋል፤ በየፍሬሙ የሚጨመረው አንድ ፊደል ብቻ ስለሆነ ዋጋውም ትንሽ ነው። ግን በሚወዛወዝ አበባ ላይ አልመክርዎትም። የእርስዎ ምስል በሁለት ሰከንድ ይዞራል፤ ጽሑፉ ገና ተጽፎ ሳያልቅና ሰው ሳያነበው እንደገና ከ«እ» ይጀምራል። የመጨረሻውን ፍሬም እናቆየው ቢሉ ደግሞ አበባው በነፋስ መካከል ደርቆ ይቆማል። ይህን ስልት ጀርባው ፈጽሞ ለማይንቀሳቀስ ካርድ ያቆዩት። እዚያ የመጨረሻውን ፍሬም 3000 ሚሊሰከንድ ይስጡት፤ የሦስት ሰከንድ ቆይታ አንዲት ፍሬም ብቻ ናት፣ ምንም አትጨምርም።

ኮከቦቹ። ስለ ብልጭልጭ ያለኝ አስተያየት እንደ ሚጥሚጣ ነው፤ ቆንጠር ተደርጎ ይጣፍጣል፣ ሲበዛ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። አምስት ወይም ስድስት ኮከብ ለእንዲህ ያለ ካርድ ከበቂ በላይ ነው። ጽሑፉን በሙሉ በሚያብለጨልጭ አሸዋ መሙላት ግን ለጂፍ ከሁሉም የከፋ ሸክም ነው። ማመቂያው የሚሠራው ተመሳሳይ የሆኑ የፒክስል ሰልፎችን ፈልጎ በማሳጠር ነው፤ ብልጭልጭ አሸዋ ደግሞ ተመሳሳይ ሰልፍ የሌለበት ነገር ነው። ይልቁንም አንዱን ኮከብ በአራት ደረጃ ይሳሉት፦ ነጥብ፣ ትንሽ፣ ሙሉ፣ እንደገና ትንሽ። እነዚህን አራት ደረጃዎች በ20ዎቹ ፍሬሞች ላይ በተራ ያዙሩ። አራት ለምን? 20 ለአራት ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ነው። ደረጃዎቹ ሦስት ቢሆኑ፣ ምስሉ ከ20ኛው ወደ 1ኛው ሲመለስ ኮከቡ ከመሃል ተቆርጦ ይዘላል፤ ይህ እንዳይሆን 60 ፍሬም ያስፈልግዎት ነበር። አኒሜሽን ሲያጌጡ ከሁሉ አስቀድመው የጀርባውን ፍሬም ቁጥር ይቁጠሩ የምለው ለዚህ ነው። ኮከቦቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዳይበሩ የአንዱን ዙር ከነጥብ፣ የሌላውን ከሙሉ ያስጀምሩ።

የት ይቀመጡ የሚለውም አለ። ጂፍ የሚያስቀምጠው ቁራሽ ሁልጊዜ አራት ማዕዘን ነው። አበባው የሚወዛወዘው ከታች ከሆነና አንድ ኮከብ ከላይ ጥግ ላይ ካበራ፣ ቁራሹ ሁለቱን ለማካተት ሲል ሰማዩን በሙሉ ይሸፍናል። በመካከል ያለው ቦታ በአሳላፊ ቀለም ስለሚሞላ ብዙ አይከብድም፤ ግን በነጻ የነበረው ነጻ አይሆንም። ስለዚህ ኮከቦቹን ከጽሑፉ በታች፣ ወደ አበባው አቅራቢያ ይበትኗቸው። በሚጤስ ሜዳ ላይ ጤዛ ያበራ ይመስላሉ፣ ከሰማይ ላይም ይሻላሉ። መስከረም ጠዋት ሜዳ ላይ የወጣ ሰው ያውቀዋል።

የጉንጉኑ ነጭ መስመር የጂፍ ኃጢአት ብቻ አይደለም። ጉንጉኑን የቆረጡት ነጭ ጀርባ ካለው ፎቶ ይመስለኛል፤ በጠርዙ ላይ ያሉት ፒክስሎች ግማሽ አበባ ግማሽ ነጭ ናቸው፣ አብረው ተቆርጠው መጡ። ጉንጉኑን ይምረጡና ምርጫውን በ«ሽሪንክ» አንድ ወይም ሁለት ፒክስል ወደ ውስጥ ያስገቡት፣ የቀረውን ጠርዝ ያጥፉ። ከዚያ በ«አርጂቢ» ሁኔታ እያሉ፣ ገጹን 20 ጊዜ ከማባዛትዎ በፊት፣ የቆመው ሰማይ ገጽ ላይ ይለጥፉት፤ ጠርዙ ከሰማዩ ጋር ለስልሶ ይዋሃዳል። ጉንጉኑ የማይንቀሳቀስ ስለሆነ ከጽሑፉ ጋር በዚያው ገጽ ላይ መሆኑ አንድ ሥራ ይቀንስልዎታል። ወደፊት ጀርባ የሌለው፣ አሳላፊ ጂፍ ሲሠሩ ግን ሌላ ነገር ይወቁ፦ በጂፍ ውስጥ አንድ ፒክስል ወይ ሙሉ በሙሉ ይታያል ወይ ጨርሶ አይታይም፤ ከፊል አሳላፊ የሚባል የለም። ያን ጊዜ «ሰሚ ፍላተን» የሚለውን መሣሪያ ይጠቀሙ፤ ለስላሳውን ጠርዝ ምስሉ ከሚያርፍበት የጀርባ ቀለም ጋር ቀድሞ ያደባልቀዋል።

ማስጌጡ ሲያልቅ ፋይሉን አንድ ጊዜ በኤክስሲኤፍ ያስቀምጡና ወደ መዝጋት እንሂድ። ወደ «ሞድ» ተመልሰው «ኢንዴክስድ» ይምረጡ። የቀለሙን ብዛት 255 ያድርጉ፤ አንዷ ለአሳላፊው ቦታ ትቅር። ከዚያ በታች «ዲተሪንግ» የሚል ምርጫ አለ፤ ያጡትን ቀለም በነጠብጣብ የሚያስመስል ነው። ብዙ ሰው ለአንድ ፎቶ የሚያምረውን ፍሎይድ ስታይንበርግ የተባለውን ይመርጣል። ለአኒሜሽን ግን አደገኛ ነው፤ በአንድ ቦታ የተደረገ ትንሽ ለውጥ ነጠብጣቡን ከዚያ ወዲያ ባለው ሁሉ ላይ ያንቀሳቅሰዋል። በዚህ ምክንያት ስንት ደክመን ያቆምነው ሰማይ እንደ ጉንዳን ሠራዊት ይርመሰመሳል። «ፖዚሽንድ» የሚለውን ይምረጡ፤ ነጠብጣቡ በቦታው ይጸናል። ሰማዩ አንድ ወጥ ቀለም ከሆነ ጭራሽ ያለ ነጠብጣብ ቢያደርጉት ይበልጥ ይጠራል።

ከዚያ «ፊልተርስ»፣ «አኒሜሽን»፣ «ኦፕቲማይዝ ፎር ጂፍ»። ይህ የዘረጋነውን መልሶ ወደ ቁራሽ ይለውጠዋል። እንደገና አዲስ ምስል ይከፈታል፤ ሌየሮቹን ሲያዩ ከሁለተኛው ጀምሮ ሰማዩ ባዶ ሆኖ ካገኙት ሥራው ሠምሯል። ሰማዩ ካለ አንዱ ገጽ ከቦታው በአንድ ፒክስል ተንሸራቷል ማለት ነው፤ ይፈልጉት። በ«ፕሌይባክ» አጫውተው ይዩ፣ በመጨረሻ «ኤክስፖርት አዝ» ብለው የፋይሉን ስም በጂፍ ይጨርሱ፣ «አዝ አኒሜሽን» እና «ሉፕ ፎርኤቨር» የሚሉትን ምልክት ያድርጉ። ስለ ፍጥነት አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ጂፍ ጊዜን የሚቆጥረው በሰከንድ መቶኛ ነው፣ የኢንተርኔት ማሰሻዎችም ከ20 ሚሊሰከንድ በታች የሆነውን አያከብሩም፤ ወደ 100 ይመልሱታል። እጅግ ፈጣን ይሁን ብለው 10 ቢጽፉ ከ20ው አምስት እጥፍ ይዘገያል። ሰው ፕሮግራሙ ተበላሸ ብሎ ደውሎልኝ ያውቃል፣ ነገሩ ይህ ነበር።

የቀረው ደንበኞችዎ በምን ይልኩታል የሚለው ነው፤ መልሱ ቴሌግራም ከሆነ ትንሽ አሳዝንዎታለሁ። ቴሌግራም ጂፍ ሲላክለት ድምፅ ወደሌለው የኤምፒ4 ቪዲዮ ይለውጠዋል፤ ዋትስአፕም እንዲሁ። አሳላፊ ጀርባ ቢኖረው ይጠፋል። ጂፉ ራሱ ሳይነካ እንዲደርስ ከፈለጉ በ«ፋይል» መልክ መላክ ያስፈልጋል። ከቴሌግራም ያወረዱት «ጂፍ» በጂምፕ አልከፈት ቢልዎትም ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ያወረዱት ቪዲዮ ነው። ስለዚህ ጥሬ ዕቃዎ በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ከሆነና መድረሻውም ቴሌግራም ብቻ ከሆነ፣ በመካከል ጂፍ ባይሠሩ ይሻላል፤ በቪዲዮ ማቀናበሪያ ላይ ጽሑፉን ጭነው በኤምፒ4 ያውጡት፣ የ256 ቀለም ጣጣም የለበትም። ጂፉ የሚያስፈልግዎት ለኢሜይል፣ ለድረ ገጽና ለፓወርፖይንት ነው። ጉንጉኑንና ጽሑፉን ያለ ጀርባ በስቲከር መልክ ልሽጥ ካሉ ደግሞ ቴሌግራም የቪዲዮ ስቲከር የሚቀበለው ዌብኤም በተባለው የቪዲዮ ፋይል ዓይነት ነው፦ አንዱ ጎኑ 512 ፒክስል፣ ርዝመቱ ከ3 ሰከንድ ያልበለጠ፣ ክብደቱ ከ256 ኪሎባይት ያልዘለለ፣ ድምፅ የሌለው። እዚያ ከፊል አሳላፊነት ስለሚፈቀድ የጉንጉንዎን ጠርዝ እንደ ልብዎ ማለስለስ ይችላሉ፤ የሚወዛወዘውን መስክ ግን እዚያ ውስጥ ለመክተት አይሞክሩ፣ ስቲከሩ ላይ የሚቀሩት ጽሑፉ፣ ጉንጉኑና ሁለት ኮከብ ይሁኑ።